ጥጥ የማይበቅልለት ሰው

ሙአሊያን በሚስቱ መንደር በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ደስ ሲላቸው «የአንሻ ባል» ይሉታል፤ ሲከፋቸው «መጤው»። ዶማውን ትከሻው ላይ ጥሎ ከእናቱ አገር ሲመጣ ጢም ያላወጣ ጎረምሳ ነበር። አሁን ጢሙ ሸብቶ እንኳ መጤ ነው። የሚቆፍረው መሬት የሚስቱ ወገኖች ነው። የሚተኛበት ጎጆም የእነሱ ነው። የወለዳት ልጁ ሙዋጁማ እንኳ የእናቷ ወገን ናት፤ ስለ እሷ የሚቆርጠው አባቷ ሳይሆን የእናቷ አጎት፣ የመንደሩ አለቃ ኒኪሴ ነው። የማኩዋ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የሚኖረው እንዲህ ነው፤ የሚያማርርበትም የለም። ሙአሊያ ግን ያማርራል፣ በሆዱ። አፉን ቢከፍት ማን ሊሰማው!

በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ጥጡ አለ። ዝናብ ጠብ ሲል፣ ሰው ካሳቫና ማሽላ በሚተክልባት በዚያች አጭር ጊዜ፣ የፖርቱጋሎቹ ኩባንያ መኪና የጥጥ ዘር በጆንያ ጭኖ ከች ይላል። ማንም ቤት ጥጥ ሳይዘራ አይቀርም። መጀመሪያ ጥጥ፣ ጊዜ ከተረፈ ምግብ። ጊዜ ግን ተርፎ አያውቅም። የሙአሊያ የበኩር ልጅ የሞተው እንዲህ ባለ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ጥጡ አምሮ ነበር፣ ጎተራው ግን ወና። ልጁ ነፍሱ ስትወጣ ኩባንያው ያልወሰደው ጥጥ ከጎጆው ጥግ ተከምሮ ነበር፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የማይበላ።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ነው እንግዲህ ምድሪቱ የከፋችው። ጥጥ እምቢ አለች። በሌላው ሰው ማሳ እዚህም እዚያም የከሳ ችግኝ ብቅ ይላል፤ በሙአሊያ ማሳ ግን አንድም የለም። የእሱ ማሳ ደግሞ የተረገመው መንገድ ዳር ነው። የጥጡ ሹም ቴይሼራ ከመኪናው ሳይወርድ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

«ዘርተሃል?» ይለዋል ሹሙ፣ የማኩዋን ቋንቋ እየሰባበረ።

«ዘርቻለሁ ጌታዬ! እናቴ ትሙት፣ በእጄ ነው የዘራሁት!»

«ታዲያ የታል?»

«እኔም እሱን ነው የምለው ጌታዬ! የታል?»

ሹሙ ከኪሱ ሴንጢ ያወጣና መሬቱን ይጭራል። አብጦ የበሰበሰ ዘር ያገኛል። አሽትቶ ይጥለዋል። ከዚያ የሙአሊያን ፊት ትክ ብሎ ያያል። ሙአሊያም አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን አፍጦ፣ የበሰበሰውን ዘር ልጁ ከመቃብር የወጣ ይመስል ያየዋል። ውሸታም ሰው እንዲህ አድርጎ መደንገጥ አይችልም። ሹሙም ይህን ያውቃል። ቢሆንም ጥጥ ሳይበቅል ሲቀር የሆነ ሰው መመታት አለበትና ዘበኛው አሚሴ ያንን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእንጨት መምቻ ያነሳል።

«እጅህን ዘርጋ፣ የአንሻ ባል» ይላል አሚሴ። «እኔ ምን ላድርግህ፤ ዘርጋ።»

መምቻው ሲያርፍ በቀዳዳዎቹ ሥጋን እየመጠጠ ይነሳል። ሙአሊያ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ዶማ አይጨብጥም። አንሻ ካሳቫውን እየጠቀለለች እንደ ሕፃን ታጎርሰዋለች፤ ስታጎርሰው ግን ዓይኑን አታይም። ያፈረችበት ይመስለው ነበር።

ወንዶቹ አብረው በሚበሉበት ዳስ ስር ሲቀመጥ ደግሞ ቀልዱ ይጀመራል።

«እረ የአንሻ ባል፣ እጅህን ከሳህኑ አርቅልን! ካሳቫው እንዳይደርቅብን!»

«አንሻስ ከሙዋጁማ ወዲህ መውለድ ያቆመችው ለምን መሰለህ? በዚያ እጅ ነክቷት ነዋ!»

ሳቁ ዳሱን ያናውጠዋል። ኒኪሴ ብቻ አይስቅም፤ ጥርሱን በእንጨት እየጎረጎረ «ተዉት» ይላል። «አላህ የሰጠው እጅ ነው፤ ከየት ያምጣ ሌላ?» ይህ ከሳቁ ይብሳል። ሙአሊያ መጨረሻ ላይ ራሱም አመነ። መድኃኒተኛ ዘንድ ሄዶ እጁን በቅጠል ውሃ አሳጠበ፤ ያለችውን አንዲት ዶሮም ለዚያ ከፈለ። ተመልሶም ዘራ። አልበቀለም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ከማሳው ሲመለስ ከአማቱ ከእሜቴ ዛይና ማድ ቤት ጣሪያ ጭስ ሲትጎለጎል አየ። የምግብ ጭስ አልነበረም። ሣሩ ተያይዟል። ወዲያው ከውስጥ ጩኸት ሰማ።

አማች የአማቱን ማድ ቤት አይረግጥም። ይህ ቀልድ አይደለም። መንገድ ላይ እንኳ እሷን ሲያይ ከመንገዱ ወርዶ ጀርባውን ይሰጣታል፤ ይህን ሁሉ ዓመት ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ የፊቷን መልክ በቅጡ አያውቀውም። ሴቶቹ ወንዝ ወርደዋል፣ ወንዶቹ ማሳ ናቸው። ጩኸቱ ደገመ። ሙአሊያ አንድ ጊዜ ግራና ቀኙን አየና፣ የመጣው ይምጣ ብሎ ዘሎ ገባ።

እሳቱ ገና ከጣሪያው ጫፍ ነው። በዶማው ሣሩን ቦጨቀና አወረደው፤ በእግሩ ረጋገጠው። አሮጊቷ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ታስላለች። ጭሱ ሳሳ ሲል ዓይኑን ጠራርጎ ዙሪያውን አየ። ከምድጃው ላይ ትልቅ ሸክላ ድስት ይፈላል። በሚንተከተከው ውሃ ላይ ጥቋቁር ፍሬ ይወጣል፣ ይገባል። አጠገቡ ጆንያ አለ፤ በጆንያው ላይ የኩባንያው ምልክት። ያ ጆንያ የእሱ ድርሻ ነው፤ አንሻ «እኔ አስቀምጥልሃለሁ» ብላ የወሰደችው።

ሙአሊያ ወደ ድስቱ ጎንበስ አለ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለ። ለአማቱ በሕይወቱ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ሆነ።

አሮጊቷ ሽርጧን ፊቷ ላይ ሳበች። «ውጣ! አንተ ባለጌ፣ ውጣ ከዚህ!»

«ምንድን ነው እሜቴ? ድስቱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«ሾርባ ነው።»

«የጥጥ ፍሬ ሾርባ?»

«ምን አገባህ፣ የማትበላውን! ውጣ አልኩህ!»

ወጣ። እግሩ እንዴት እንዳወጣው አያውቅም። ፀሐዩ ላይ ቆሞ መዳፎቹን ገልብጦ ያያቸው ጀመር። ጠባሳው በጠባሳ ላይ ተደራርቦ የሰው እጅ አይመስልም። ይህን ሁሉ ዓመት! የዘራው የሞተ ዘር ነው። ቀቅለው ይሰጡታል፤ እሱ ደግሞ ወገቡ እስኪቆረጥ እየቆፈረ፣ አፈሩን እያለሰለሰ፣ ፈጣሪውን እየለመነ የተቀቀለ ፍሬ ይቀብራል!

አንሻ ከወንዝ ስትመለስ እንስራዋን ሳታወርድ ገባት።

«ገባህ እንዴ እዚያ ቤት?» አለች፣ በሹክሹክታ።

«ገባሁ።»

«ወይኔ! ወይኔ እናቴ!»

«ከመቼ ጀምሮ ነው አንሻ?»

«ዝም በል፣ ሰው ይሰማል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው አልኩሽ!»

እንስራውን አወረደች። መቀመጥም አልቻለች፣ መቆምም አልቻለች። «ልጃችን ከሞተ ወዲህ» አለች በመጨረሻ። «ሴቶቹ ሁሉ ተማማልን። መሬቱ ጥጥ እምቢ ካለ ነጮቹ ይተዉናል፤ ካሳቫችንን እንተክላለን አልን። ሌላ ልጅ እንዳይሞት ነው ሙአሊያ። ሌላ ምን ብለን?»

«እኔስ?»

እንስራውን ወደ ግድግዳው ታስጠጋ ጀመር።

«እያጎረስሽኝ፣ ቁስሌን እያጠብሽ፣ አንድ ቀን እንኳ አፍሽ ላይ አልመጣም?»

«ለባሎቻችን አንነግርም ብለን ምለናል። ባል ነገ ይሄዳል፤ ወንድሞቹ እናቱ አገር ናቸው። ምን ይታወቃል?» ይህን ስትል አለቀሰች። ልቅሶዋ ግን ምን ይሠራለታል? ቃሉ ከአፏ ወጥቷል፤ መልሳ አትውጠውም።

በነጋታው ኒኪሴ አስጠራው። አጎትየው ካሹ ለውዝ ዛፍ ስር ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል፤ ሙአሊያ ፊት ለፊቱ አፈር ላይ ተቀመጠ።

«አየህ ማለት ነው» አለ ኒኪሴ።

«አየሁ።»

«እንግዲህ ዝም ማለት ነው።»

«እርስዎም ያውቁ ነበር?»

«ያለ እኔ እውቅና በዚህ መንደር ምን ይፈላል?»

ሙአሊያ ከአፈሩ ቀና አለ። «እርስዎ… ዳስ ስር ሲሳቅብኝ… አላህ የሰጠው እጅ ነው ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

«እና ምን እንድል ፈለግህ? ዘሩ ተቀቅሎ ነው ልበል?» ኒኪሴ ምራቁን ጢቅ አደረገ። «ስማኝ የአንሻ ባል። ያ ነጭ ሹም ብዙ ውሸታም የደበደበ ሰው ነው። ውሸት ከሩቅ ይሸተዋል። እኔን ቢጠይቀኝ ዓይኔ ይነግረዋል። አንተ ግን አታውቅም። የአንተ ፊት ነው ይኼን መንደር ያዳነው።»

«ፊቴን ተዉት! እጄስ?»

«እጅ ይድናል።»

«ማሳውስ? መንገድ ዳር ያለውን ማሳ ሲሰጡኝ…» አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየው። ያ ማሳ ሲሰጠው ተደስቶ ነበር። ጥሩ አፈር፣ ቅርብ ውሃ፤ አክብረውኝ ነው ብሎ ለእናቱ ሳይቀር ሄዶ አውርቷል።

ኒኪሴ ወደ ሌላ ቦታ ያይ ነበር። «ከእኛ ልጆች ማንን እዚያ እናስቀምጥ?» አለ ቀስ ብሎ።

ሙአሊያ ሳይሰናበት ተነስቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር ቁጣ ይሁን ሌላ እሱም አያውቀውም። አንሻ ስታናግረው አይመልስም። ካሳቫውን ራሱ ጠቅልሎ ይበላል፣ እያመመውም ቢሆን።

ይህ በሆነ በሳምንቱ የቴይሼራ መኪና መጣ። ሹሙ በዚህ ጊዜ መምቻውን አላስመጣም። ይዞ የወረደው አንድ ትንሽ ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ አዲስ ዘር አለ። ኒኪሴን አልጠራም፤ ሰውን ሁሉ መንገድ ዳር አሰባሰበና በሙአሊያ ማሳ ላይ ራሱ ተንበርክኮ፣ ሱሪው ጭቃ እየነካው፣ በመስመር በመስመር ዘራ። እያንዳንዱን ጉድጓድ በጣቱ ደፈነ። ሴቶቹ ቆመው ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። እሜቴ ዛይና የሙዋጁማን ትከሻ ጨብጣ ነበር፤ ልጅቷ «አመመኝ አያቴ» እስክትል ድረስ አላወቀችም።

ሹሙ ተነስቶ እጁን አራገፈ። «ይኼ ዘር የማንንም ቤት አላየም» አለ። «ካልበቀለ መሬቱ ነው፤ ጥጥ እተውላችኋለሁ። ከበቀለ ግን…» አልጨረሰም። ዞር ብሎ ሙአሊያን በጣቱ ጠራው። «አንተ የዚህ አገር ሰው አይደለህም። አንተ ሐቀኛ ነህ። ከአሚሴ ጋር ትጠብቃለህ። ሴት እዚህ እንዳትደርስ።»

ሙአሊያ «እሺ ጌታዬ» አለ። ድምፁ ወፍራም ሆኖ ነው የወጣው።

አይ የዚያን ቀን ማታ የነበረው ክብር! ዳስ ስር ሲደርስ ቦታ ለቀቁለት። ለእሱ ከታረደችው ዶሮ መቋደሚያውን፣ ለትልቅ ሰው ብቻ የሚሰጠውን፣ በእጁ አስያዙት። እነዚያ ቀልደኞች ሁሉ «ሙአሊያ ብላ እንጂ»፣ «ሙአሊያ ወገብህን አመመህ?» ማለት ጀመሩ። ስሙን ያውቁት ኖሯል! ሙአሊያም መቋደሚያውን ቀስ ብሎ አላመጠ። ይብቀል አለ በልቡ። ይብቀልና ይዩት።

አንሻ ጎጆ ውስጥ እግሩ ስር ተቀመጠች። «ምን ልታደርግ ነው?»

«አንቺ ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ሙአሊያ በእናትህ።»

«እኔም ምያለሁ በያት ለእናትሽ። መጤው ለሚስቱ አልናገርም ብሎ ምሏል በያት።»

አሚሴ ጥሩ ጠባቂ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ከሙአሊያ ጋር ማሳው ዳር ማንጎ ጥላ ስር ይቀመጣል፤ ፀሐይ ስትበረታ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ያንኮራፋል። እስኪተኛ ግን አፉ አያርፍም። አንድ ቀን ከሰዓት ለውዝ እየፈለፈለ እንዲህ አለ።

«አንተማ ዕድለኛ ነህ። ካቦ ሊያደርግህ ነው ሹሙ። ጫማ ይሰጥሃል።»

«ከበቀለ?»

«ከበቀለ ነዋ። የበቀለ ጊዜ እነዚህ ሲያታልሉት እንደኖሩ ተረጋገጠ ማለት ነው። መኪና ታዟል። ወንዱ በሙሉ ወደ ቃጫ እርሻ፤ ከዚያ ስንቱ እንደሚመለስ አንተም ታውቃለህ። ሴቱ ደግሞ መንገድ ሥራ። ድንጋይ ይፈልጣሉ።»

«ሴቱም?»

«ትንሽ ትልቅ የለም። ድንጋይ መሸከም የምትችል ሁሉ።»

ሙአሊያ የያዘው ለውዝ ከእጁ ወደቀ። «ልጄስ?»

«የትኛዋ ልጅህ?»

«ሙዋጁማ! ስንት ልጅ አለኝ?»

አሚሴ ሳቀ። «አንተ ሰው ማኩዋ አይደለህም እንዴ? ልጅ የማን ናት? የእናቷ ወገን አይደለች? ከወገኗ ጋር ትሄዳለች። እኔም ብሆን ልጆቼ የሚስቴ ናቸው፤ ምን ይደረግ።» ለውዙን አፉ ውስጥ ወረወረና ባርኔጣውን ደፋ። ወዲያው አንኮራፋ።

ሙአሊያ ተቀምጦ ቀረ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ይብቀልና ይዩት ሲል የሚያየው የኒኪሴን ፊት ብቻ ነበር። ከኒኪሴ ኋላ ማን እንደቆመ አላሰበም። የሙዋጁማ ክንድ እኮ ገና የዶማ እጀታ አያክልም።

ተነሳ። አሚሴን አየው። ወደ ማሳው ገባና በአራት እግሩ ሆነ። በእነዚያ በደነደኑ ጣቶቹ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ቧጠጠ፤ ዘሩ አብጧል፣ ነጭ ጫፉ ብቅ ሊል ነው። አወጣውና ሽርጡ ጫፍ ላይ አደረገው። አፈሩን መልሶ ደፈነው። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ከመስመር ወደ መስመር ሄደ፤ አሚሴ ባንቀላፋ ቁጥር፣ ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ። የለቀመውን ሁሉ ቋጥሮ ጅረቱ ውስጥ በተነው። ለማንም አልነገረም። ለአንሻም አልነገረም። አንድ ጊዜ እንኳ እኔም ብቻዬን የማውቀው ነገር ይኑረኝ አለ።

ቴይሼራ ሲመለስ ሌላ ሁለት ዘበኛ ይዞ ነበር። መንደሩ በሙሉ መንገድ ዳር ወጣ። ማሳው ባዶ ነው፤ እንደ መዳፍ ልስልስ ያለ ቀይ አፈር። ሴቶቹ ባዶውን ሲያዩ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷ ሳታስበው እልል ልትል አፏን በእጇ ያዘች። ሹሙ ብዙ ጊዜ ቆሞ አየ። ትከሻው ወረደ። «እንግዲህ መሬቱ ነው» አለ ለራሱ። ወደ መኪናው ሊመለስ ሲል፣ እንደ ልማዱ ሴንጢውን አወጣ።

የመጀመሪያውን ጉድጓድ ጫረ። ምንም። አጠገቡ ያለውን ጫረ። ምንም የለም። ሦስተኛውን በሁለት እጁ ቆፈረው።

«ዘሩ የታል?» አለ።

ሙአሊያ ነገሩ ወዲያው አልገባውም። የገባው አንሻን ሲያያት ነው። አንሻ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና፣ ዓይኗ ሊወጣ ደርሶ፣ እሱን ታየዋለች። የተቀቀለ ዘር አይበቅልም፣ ግን ከጉድጓዱ አይጠፋም፤ ይበሰብሳል፣ ቢቆፈርም ይገኛል። ሴቶቹ ይህን ሁሉ አስበውበታል። የበሰበሰውን ዘር ሲያይ የኖረው መጤ ግን ልጁን ሲያስብ ይህን ረሳው።

«ወፍ ይሆናል ጌታዬ» አለ አሚሴ፣ ላብ እያጠመቀው። «ጉንዳንም አለ።»

«ጉንዳን ጉድጓዱን መልሶ ይደፍናል?» ሹሙ ቀጥ ብሎ ሙአሊያ ፊት ቆመ። «አንተ፣ እየኝ። ዘሩ የት ሄደ?»

ሙአሊያ እንደ ድሮው ሊደነግጥ ሞከረ። አፉን ከፈተ፤ ዓይኑን አፈጠጠ። ፊቱ ግን አልታዘዝ አለው። ያን ጊዜ ሳያውቅ የሚያደርገውን፣ አሁን አውቆ ሊያደርገው አልቻለም። ሹሙ አየው። የሹሙ ፊት ነው ይልቅ የደነገጠው፤ የሚያምነው አንድ ሰው እሱ ነበርና።

«እኔ ነኝ» አለ ሙአሊያ።

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም አላዘዘኝም። ጥጡን በልተን አንጠግብም ጌታዬ። ልጄ ሲሞት ጎጆዬ በጥጥ ሞልቶ ነበር። እኔ ብቻዬን ነኝ ያደረግሁት።»

ሹሙ ወደ ኒኪሴ ዞረ። «ይኼ ሰው የአንተ ነው?»

ሙአሊያ ይህን ጥያቄ ጠብቆታል። ኒኪሴ አላውቅም ቢል መንደሩ ይድናል፤ ራሱም ቢሆን እንዲያ እንዲል ነው የሚፈልገው። ኒኪሴም ላፍታ እንኳ ሳያመነታ፣ ጥርሱን ከሚጎረጉርበት እንጨት ዓይኑን ሳያነሳ መለሰ።

«የእኛ አይደለም። መጤ ነው። ከመጣ ጀምሮ እጁ እርኩስ ነው፤ ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ ወንዶቹ። ያን ማታ መቋደሚያውን ያስያዙት እነሱ ናቸው።

ሙአሊያ ክው አለ። ሊሞትላቸው ፈቅዶ ቆሞ ሳለ፣ ቃሉ እንዲህ ቀልሏቸው ይወጣል ብሎ አላሰበም ነበር። አንድ ሰው እንኳ ቢጎረብጠው፣ አንድ ሰው ምራቁን ቢውጥ ምን ነበረበት? ዘበኞቹ እጁን የኋሊት አሰሩት። አንሻ ሰውን ጥሳ መጣችና ልብሱን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

«ለምን አልጠየቅኸኝም?» አለች በጆሮው። «አንድ ቃል ብትለኝ በምትኩ የምትቀብረውን የተቀቀለ ዘር እሰጥህ ነበር እኮ። ለምን?»

መልስ ነበረው። አሚሴ ግን ገመዱን ጎተተው፤ እሱንም በሙአሊያ ሰበብ ነገ ቅጣት ይጠብቀዋል። ከኋላ ሙዋጁማ «አባዬ!» ብላ ስትጮህ ሰማ፤ ከዚያ የአሮጊቷ እጅ አፏን ሲይዘው ጩኸቱ ተቋረጠ።

መኪናው ላይ ሌሎች ታስረው የተጫኑ ወንዶች ነበሩ፤ ከየመንደሩ የተለቀሙ። ዘበኞቹ ከፊት ከሾፌሩ ጋር ተቀመጡ። ሙአሊያ ከአንድ ጆሮው ከተቆረጠ ጎልማሳ አጠገብ ተጣለ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ሁለቱም በትከሻቸው ተጋጩ።

«ወዴት ነው የሚወስዱን?» አለ ሙአሊያ።

«ወደ ቃጫው ነው፤ ሌላ ወዴት አለ? ናምቡሬቴ እባላለሁ። አንተ በምንድን ነው የተያዝኸው?»

«በጥጥ።»

«ሁላችንም በጥጥ ነው፤ ምን አድርገህ?»

ሙአሊያ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። እነዚያን ሰዎች መሸፈን አንጀቱን ቢያሳርረውም አልነገረውም። ናምቡሬቴ እንደ ገባው ሁሉ ሳቅ አለ።

«አትንገረኝ፣ ግድ የለም። እኔ ተይዣለሁ፣ ከእንግዲህ ምን ይመጣብኛል። እኛ ጋ ሴቶቹ ዘሩን ይቆሉታል። ለውዝ ስትቆላ እንደምትቆላው። ሽታው አጋለጠን።»

ሙአሊያ አንገቱን አዙሮ አፈጠጠበት። «ምን አልክ?»

«ይቆሉታል አልኩህ። ይኼን ብልሃት ያወቀ ከእኛ መንደር ሌላ የለም። ለጎረቤት መንደር እንኳ ትንፍሽ አንልም፣ ያሳብቁብናል ብለን።»

«እኛ ጋ በጨው ውሃ ነው» አለ ከማዶ ጥግ አንድ ሽማግሌ፣ ቀና ብሎ። «በጨው ውሃ ዘፍዝፈን እናሳድረዋለን።»

«የት ነው የእናንተ?»

«ከወንዙ በታች።»

«እኛ ደግሞ ከወንዙ በላይ ነን!» ናምቡሬቴ አፉ ተከፍቶ ቀረ። «ስንት ዓመት ሆናችሁ?»

«ብዙ ነው። እኛም ብቻችንን መስሎን።»

ሙአሊያ ከአንዱ ወደ ሌላው ያይ ጀመር። ሌላም ሰው ተናገረ፣ ሌላም። አንዱ መንደር ይቀቅላል፣ አንዱ ይቆላል፣ አንዱ ችግኙን ሥሩን በጥሶ መልሶ ያቆመዋል። ሁሉም ጎረቤቱን ፈርቶ፣ ሁሉም ነገሩን ደብቆ፣ ሁሉም እጁን ለብቻው ዘርግቶ ለብቻው ሲመታ ኖሯል። ያ ሹም በአንድ መኪናና በጣት በሚቆጠሩ ዘበኞች ይህን ሁሉ አገር ሲገርፍ፣ አገሩ በሙሉ በአንድ ነገር ተስማምቶ ነበር፤ መስማማቱን ብቻ አያውቅም። ሽማግሌው ድንገት ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረበት። ናምቡሬቴ አልሳቀም።

«ይኼን ሁሉ ዓመት!» አለ በጥርሱ። «ይኼን ሁሉ ዓመት ተፈራርተን!»

ከፊት ዘበኛው የመኪናውን ቆርቆሮ ደበደበ። «ዝም በሉ እናንተ!» ናምቡሬቴ ወደ ሙአሊያ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የቃጫው እርሻ ከሩቩማ ወንዝ ሩቅ አይደለም። ማዶው ታንጋኒካ ነው፤ እነዚህ ነጮች አይገዙትም። የእኛ ሰዎች እዚያ ተሰብስበው ይመክራሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እነዚህን ከአገራችን ስለማስወጣት። እኔ አላመንኩም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ማን ከማን ጋር ይመክራል ብዬ።»

ሙአሊያ ወደ ኋላ አየ። የሚስቱ መንደር በአቧራው ውስጥ ጠፍቷል። ኒኪሴን ይቅር አላለውም፤ ለመሞቻው እንኳ አይለውም። ሙዋጁማ ግን እዚያ ናት፣ ድንጋይ ሳትሸከም። ቴይሼራ ደግሞ ሌላ ቆርቆሮ ዘር ይዞ መመለሱ አይቀርም።

«ወንዙን የሚሻገሩት» አለ፣ «ሲሞላ ነው ሲጎድል?»

«ሲጎድል ነው» አለ ናምቡሬቴ። «አዞ ግን አለው።»

«ይኑረው» አለ ሙአሊያ።